የማንቼ ዕዳ የማን ነው?

መስከረም 2018 ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት አንድ ወሬ ወጣ። የሳዑዲ የመዝናኛ ባለሥልጣን ኃላፊ ቱርኪ አል አልሼክ፣ የማንቸስተር ዩናይትድ፣ የእኛ የማንቼ፣ ሽያጭ ከአዲስ ባለሀብት ጋር ጫፍ ላይ ደርሷል ብለው ጻፉ። ብዙም ሳይቆዩ ገዢው እኔ አይደለሁም አሉ። ወሬው ግን አንዴ አምልጧል። የብሔራዊ ቡድኖች ሳምንት ስለነበር የሊግ ጨዋታ አልነበረም፤ ሰውም የሚከራከርበት ነገር ተርቦ ነበር። ጀበና ቡና የምንጠጣበት በረንዳ ላይ ጨዋታው ተጀመረና እስኪመሽ አልበረደም።

ሰዎቹን በስም አልጠራም። አንዱ የራይድ ሹፌር ነው። አንዷ ባንክ ቤት፣ ብድር ክፍል ትሠራለች። አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንዱ ዶሃ ግንባታ ላይ ሠርቶ የተመለሰ ነው። አንዱ ደግሞ አርሴ፣ የአርሴናል ደጋፊ ነው፤ ግን ከእኛ ጋር ካልተቀመጠ ቡናው አይጥመውም። የቀረነው ሁላችን ማንቼ ነን።

የጀመረው ሹፌሩ ነው።

«ይሽጡት! ማንም ይግዛው። ብቻ ግሌዘሮች ይውጡልን።»

ግሌዘሮች የክለቡ ባለቤት የሆኑት አሜሪካዊ ቤተሰብ ናቸው። ከዚያ ቁስሉን አንድ በአንድ ቆጠረ። ግንቦት ላይ ቢልባኦ ድረስ ሄደን በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፍን። በሊጉ 15ኛ ወጣን። ዘንድሮ አውሮፓ ውስጥ የለንም። ነሐሴ ላይ ደግሞ ግሪምስቢ የሚባል የአራተኛ እርከን ክለብ በመለያ ምት 12 ለ 11 አሸንፎ ከካራባኦ ዋንጫ አስወጣን። «ግሪምስቢ! በናታችሁ፣ ከዚህ በታች የት ይኬዳል?»

አርሴው መሳቅ ሲጀምር ጋሼ በዓይናቸው አስቆሙት።

የባንኳ ልጅ ሲኒዋን አስቀመጠች። «አንተ የምታወራው ስለ ኳሱ ነው። ሒሳቡን እኔ ልንገርህ። ይሄ ክለብ ገቢ አጥቶ አይደለም። በዚያው 15ኛ በወጣበት ዓመት 666.5 ሚሊዮን ፓውንድ አስገብቷል። በታሪኩ ትልቁ ገቢ ነው። እንደዚያም ሆኖ 33 ሚሊዮን ከሰረ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኪሳራው 113 ሚሊዮን ነበር።»

«ታዲያ ብሩ የት ገባ?»

«እሱን ልነግርህ ነው።»

የነገረችን ብዙዎቻችን በደምሳሳው የምናውቀውን ነው። ግን ብድር የሚያጸድቅ ሰው ሲናገረው ሌላ ነው። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው።) በ2005 ማልኮም ግሌዘር ክለቡን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ብድር ነው። ብድሩ ደግሞ አብዛኛው የተጫነው በራሱ በክለቡ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ማንቼ የማንም ዕዳ አልነበረበትም። በአንድ ፊርማ ከእንግሊዝ ክለቦች ሁሉ ባለ ብዙ ዕዳ ሆነ።

«ከብድሮቹ አንዱ ወለዱ ስንት እንደደረሰ ታውቃላችሁ?» አለች። «16.25 በመቶ! በብር ቢሆን አይገርመኝም። እኛም ጋ አለ። ይሄ ግን በፓውንድ ነው። በፓውንድ 16 በመቶ የሚበደር ሰው እኔ ጋ ቢመጣ ፋይሉን እንኳ አልከፍትም።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ላም በዱቤ ገዝቶ የላሟን ዋጋ ከወተቷ መክፈል ማለት ነው። ጥጃው ምን ይጠጣል?»

«ጥጃው ኦልድ ትራፎርድ ነዋ!» አለ አርሴው። «እኛ 1 ለ 0 ያሸነፍናችሁ ቀን፣ ግንቦት 2024፣ ዝናቡ ሲመጣ ጣሪያው እንደ ፏፏቴ ሲወርድ አላያችሁም? ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ሆኖ ነው የበሰበሰው።»

አየን እንጂ። ያ ምስል ከሽንፈቱ በላይ ነው ያመመኝ። በዓመት ከ600 ሚሊዮን በላይ የሚያስገባ ቤት ጣሪያውን ማደስ አቅቶት ስታይ ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ ሒሳብ ሠሪ አያስፈልግህም። ከ2005 ወዲህ በወለድ፣ በብድር ወጪና በትርፍ ክፍፍል ከክለቡ የወጣው ተደምሮ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሚሆን ነው የሚነገረው። ዋናው ዕዳ ደግሞ ዛሬም አለ። 650 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያ በላይ ደግሞ እየተወሰደ የሚመለስ ሌላ ብድር አለ።

ሹፌሩ በ2009 ሮናልዶ ለሪያል ማድሪድ በ80 ሚሊዮን ሲሸጥ ያ ገንዘብ ቡድኑ ላይ አልዋለም ብሎ እስካሁን እንደሚያንገበግበው ተናገረ። ጋሼ ግን አንድ ነገር አስታወሱን። ግሌዘሮች ከገቡ በኋላ አሰልጣኙ ፈርጉሰን አምስት የሊግ ዋንጫና አንድ ሻምፒዮንስ ሊግ አምጥቷል። «ዕዳውን የሸፈነው እሱ ነው» አሉ። «እሱ በ2013 ሲሄድ ነው ግድግዳው የታየው። ዋንጫ ሲኖር ማን ሒሳብ ይጠይቃል?»

እውነት ነው። እኔም በእነዚያ ዓመታት ስለ ወለድ ሲወራ ጆሮ አልሰጥም ነበር።

ከዚያ ወደ ገዢው ዞርን። ነገሩም እዚህ ላይ ነው የጦፈው።

ሹፌሩ ፍላጎቱን አልደበቀም። ልቡ ያለው ከባሕረ ሰላጤው ገንዘብ ጋር ነው። በ2023 የኳታሩ ሼክ ጃሲም ቢን ሐማድ ክለቡን መቶ በመቶ ሊገዙ ቀርበው ነበር። ዕዳውን ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ ብለዋል። ለስታዲየሙም፣ ለልምምድ ሜዳውም ገንዘብ አመጣለሁ ብለዋል። ጥቅምት ላይ ድርድሩን ትተው ወጡ። እንግሊዛዊው ባለሀብት ጂም ራትክሊፍ 27.7 በመቶውን ገዝቶ በየካቲት 2024 ገባ። «ያን ዕለት ነው ያለቀልን» አለ ሹፌሩ። «ጎረቤታችንን አታዩም? አቡዳቢ በ2008 ገባ። ማንቸስተር ሲቲ ያኔ ምን ነበር? ዛሬ ምን ሆነ?»

«ዛሬ 115 ክስ ያለበት ሆነ» አለ አርሴው። ክሱ የሊጉን የገንዘብ ደንብ ጥሷል የሚል ነው፤ የቀረበው በ2023 ነው። በዚያ ሳምንት ውሳኔ አልተሰጠም ነበር። ሲቲም ጥፋት የለብኝም ነው የሚለው። ሹፌሩ «ዋንጫው ግን ካዝናው ውስጥ ነው» ብሎ ዘጋው።

ሁላችንም የዶሃውን ልጅ አየነው። እሱ የሚደግፍ መስሎን ነበር። ከዓለም ዋንጫው በፊት እዚያ ብረት ሲያስር የኖረ ሰው ነው። ሀገሪቱን በክፉ አያነሳም፤ ለቤተሰቡ ቤት የሠራው እዚያ ባገኘው ገንዘብ ነው። ቀስ ብሎ ጀመረ።

«ገንዘባቸው አለ። እሱን የሚክድ የለም። እኔ የሠራሁበት ድርጅት አንድ ጊዜ ደመወዝ ለወራት አዘገየ። ባለቤቱን አይተነው አናውቅም። ለአለቃችን ስንነግረው ‹ባለቤቱ ሲፈልግ ይከፍላል› አለን። በኋላ ከፈለ። እኔ ግን ያቺን ‹ሲፈልግ› የምትለውን ነገር አልረሳትም። አንድ ክለብ በአንድ ሰው ፍላጎት ሲኖር እንደዚያ ነው። ሲፈልግ ያፈሳል። ሳይፈልግስ?»

«ማንቼን የመሰለ ክለብ ገዝቶ ማን ይሰለቸዋል?» አለ ሹፌሩ።

«ማላጋን ታስታውሳለህ?»

ዝም አልን። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እዚህ በሰፊው ላስቀምጠው። በ2010 የኳታር ንጉሣዊ ቤተሰብ አባል የሆኑት ሼክ አብዱላህ አል ታኒ የስፔኑን ማላጋ ገዙ። ገንዘብ ፈሰሰ። ካዞርላ መጣ፣ ቫን ኒስተልሮይ መጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ማላጋ የሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ላይ ነበር። ዶርትሙንድ በጭማሪ ሰዓት ሁለት ጎል አግብቶ 3 ለ 2 ባያወጣው ግማሽ ፍጻሜ ይገባ ነበር። ግን በዚያን ጊዜ ገንዘቡ መቋረጥ ጀምሯል። ያልተከፈለ ዕዳ በመገኘቱ ዩኤፋ ክለቡን ከአውሮፓ ውድድር አገደው። በ2018 ወደ ሁለተኛው ሊግ ወረደ። በ2020 ፍርድ ቤት ክለቡን የሚያስተዳድር ሰው ሾመበት። በ2023 ሦስተኛ እርከን ገባ። የማላጋ ሰው ሼኩ ሲገቡ ጨፍሯል። ያጠፋው ጥፋት የለም። ገንዘቡ እንዲቀጥል የሚያስገድድ ነገር በእጁ አልነበረም፤ ጉዳቱ ያ ነው።

አርሴው ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። እነሱም ለዓመታት «ክሮንኬ ውጣ» ሲሉ ነበር። ክሮንኬ በ2018 አርሴናልን ጠቅልሎ ገዛ። እሱም እንደ ግሌዘሮቹ አሜሪካዊ ነው። ሆኖም አሰልጣኙን አርቴታን ታግሰው፣ ተጫዋች በዕቅድ እየገዙ እዚህ ደረሱ። «ችግራችሁ የባለቤቱ ሀገር አይደለም» አለን። «ቤታችሁን የሚመራ ሰው አልነበራችሁም።» ከአርሴ አፍ ስለወጣ እንጂ ትክክል ነው።

ጋሼ የራትክሊፍ ደጋፊ ናቸው። ምክንያታቸውን በታሪክ ነው የሚያስረዱት። ክለቡ ኒውተን ሂዝ ይባል በነበረበት ጊዜ፣ በ1902፣ 2,670 ፓውንድ ዕዳ ነበረበት። ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ወስኖበት ነበር። ያዳነው ጆን ሄንሪ ዴቪስ የሚባል ቢራ ጠማቂ ነው። የቡድኑ አምበል ሃሪ ስታፎርድ ትልቅ ውሻ ነበረው፤ መዋጮ ማሰባሰቢያ ሣጥን አንገቱ ላይ አስሮ ያዞረው ነበር። ውሻው ጠፋና ዴቪስ ዘንድ ተገኘ፤ የዴቪስ ልጅ ወደደችው፤ ሰዎቹም በዚያ ተዋወቁ ይባላል። ዴቪስና ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጡ። የክለቡ ስም ማንቸስተር ዩናይትድ የሆነው ያኔ ነው። ቀይ ማሊያውም የመጣው ያኔ ነው።

«በ1931ም እንደዚሁ» አሉ። «ገና ደርሶ ለተጫዋቾቹ የሚከፈል ደመወዝ አልነበረም። ጄምስ ጊብሰን የሚባል የልብስ ፋብሪካ ባለቤት ከኪሱ 2,000 ፓውንድ አወጣ። ሁለቱም የማንቸስተር ሀብታሞች ናቸው። ራትክሊፍም የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ ፌይልስዎርዝ ነው የተወለደው። ቆሻሻውን የሚጠርግ ሰው መጀመሪያ አቧራ ያስነሳል። ታገሱት።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች የባንኳ ልጅ፣ «ዴቪስም ጊብሰንም ገንዘብ ይዘው ነው የመጡት። ግሌዘር ይዞ የመጣው ዕዳ ነው። ራትክሊፍ ደግሞ የከፈለው ብዙው ገንዘብ አክሲዮን ለሸጡለት ሰዎች ኪስ ነው የገባው፤ ለኦልድ ትራፎርድና ለመሠረተ ልማት ብሎ ለብቻ ያስገባው 300 ሚሊዮን ዶላር ሲቀር። የ2005ቱን ዕዳ ማን ነካው?»

ጋሼ ለዚህ ቶሎ መልስ አልሰጡም።

እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። ራትክሊፍ ከገባ በኋላ በ2024 ወደ 250 ሠራተኛ ተቀነሰ። በ2025 ደግሞ እስከ 200 የሚደርስ ሌላ ቅነሳ ታወጀ። ኦልድ ትራፎርድ ላይ የሠራተኞች ነጻ ምሳ ቀረ፤ በምትኩ ፍራፍሬ ይቀመጥላቸዋል ተባለ። በዓመቱ አጋማሽ የቀሩት ትኬቶች 66 ፓውንድ ሆኑ፤ ለሕጻንም ለጡረተኛም ቅናሽ የለም። የፈርጉሰን የአምባሳደርነት ክፍያም ተቋረጠ።

በዚህ መሃል ቡና የምታፈላልን ልጅ ጀበናውን ይዛ ቆመች። ኳስ አትከታተልም። ግን ስታዳምጥ ነበር።

«ምሳውን የከለከሉት ተጫዋቾቹንም ነው?»

«አይ፣ እነሱ ይበላሉ» አላት ሹፌሩ።

«እና የጽዳቷን ሴትዮ ምሳ ነው የቆረጡት?»

መልስ የሰጠ የለም። ሦስተኛውን ሲኒ ቀድታ ገባች።

የባንኳ ልጅ ከዚያው ቀጠለች። ክለቡ አሰልጣኙን ቴን ሃግን ከነረዳቶቹ፣ የስፖርት ዳይሬክተሩን ዳን አሽዎርዝን ደግሞ በአምስት ወሩ አሰናበተ። ለዚህ ብቻ 14.5 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ። ቴን ሃግን እኮ በ2024 ክረምት ውሉን ያራዘሙለት እነሱ ናቸው። «ሳህን ሾርባ ላይ ቆጥቦ 14 ሚሊዮን በስህተት መክፈል ቁጠባ ነው እንዴ?»

ጋሼ አልተሸነፉም። ራትክሊፍ በመጋቢት 2025 ራሱ በአደባባይ የተናገረውን አነሱ። እነዚህን እርምጃዎች ባንወስድ ኖሮ ክለቡ በገና ሰሞን ጥሬ ገንዘብ ያልቅበት ነበር ብሏል። «ሊያልቅበት የደረሰ ቤት ምሳም ይቆርጣል» አሉ። ሹፌሩ ወዲያው፣ በዚያው ክረምት ኩኛ፣ ምቤውሞና ሴሽኮ ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶባቸው መጡ ብሎ ጣልቃ ገባ። ለአጥቂ የተገኘ ገንዘብ ለምሳ እንዴት ጠፋ? ጋሼ አጥቂ ካልተገዛ ገቢም የለም አሉ። እዚህ ላይ ሁለቱም እውነት ነበራቸው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ፣ ታዲያ ደጋፊ ምን ማድረግ ይችላል የሚል ነው። ሹፌሩ ምንም አለ። የባንኳ ልጅ የአክሲዮኑን ነገር አስረዳች። ክለቡ ከ2012 ጀምሮ ኒው ዮርክ ገበያ ላይ ይሸጣል። ማንም ሰው ሊገዛ ይችላል። ግን የግሌዘሮቹ አንድ አክሲዮን አስር ድምፅ አለው። በገበያ የሚሸጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ድምፁ ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም።

ጋሼ ግን በዚህ ተስፋ አይቆርጡም። በ1998 የሩፐርት መርዶክ የቴሌቪዥን ድርጅት ቢስካይቢ ክለቡን በ623 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛ ሲል ደጋፊው ተነሳ። ተደራጀ፣ ጻፈ፣ ጮኸ። በ1999 መንግሥት ግዢውን ከለከለ። በ2005 ግሌዘር ሲገባ የተቆጡ ደጋፊዎች የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ፤ ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር ይባላል፣ ዛሬም አለ። በ2010 ኦልድ ትራፎርድ አረንጓዴና ቢጫ ስካርፍ ለበሰ፤ የኒውተን ሂዝ ቀለም ነው። ቤካም በሚላን ማሊያ መጥቶ ተሸንፎ ሲወጣ ያንን ስካርፍ አንገቱ ላይ አደረገ።

እኔም አንድ ቀን አስታወስኩ። ሚያዝያ 24 ቀን 2013 በእኛ አቆጣጠር፣ የፋሲካ ዕለት ነበር። ከሊቨርፑል ጋር ጨዋታ ነበረን፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ። ዶሮውን በልተን፣ ዘመድ ጠይቀን፣ በጊዜ ዲኤስቲቪ ቤት ወንበር ይዘናል። ስክሪኑ ላይ ግን ተጫዋች የለም። ደጋፊው አጥር ጥሶ ሜዳ ገብቷል። ማንቼን ጨምሮ ትልልቅ ክለቦች ለብቻቸው ሊያቋቁሙት የነበረው የሱፐር ሊጉ ወሬ ከወጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። አንዱ የማዕዘን ባንዲራ ነቅሎ ይሮጣል፣ ቀይ ጭስ ይጨሳል። ጨዋታው ተላለፈ። ቤቱ ውስጥ የተናደደ ነበር፣ በዓሉ ተበላሸ ብሎ የሚሳደብ። ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ ግን ቆመው አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ዛሬም ቢሆን አጨበጭባለሁ።

«እሺ፣ ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ?» አለ ሹፌሩ። ከባድ ጥያቄ ነው። ሱፐር ሊጉ ፈረሰ። ግሌዘሮቹ ግን አሉ።

አርሴው ጀርመንን አነሳ። እዚያ ከጥቂት ክለቦች በስተቀር ከግማሽ በላዩ ድምፅ የአባላት ነው። የዶሃው ልጅ ደግሞ ባርሴሎናም የአባላቱ አይደለም ወይ አለ። ነው። ሆኖም በ2021 ዕዳው 1.35 ቢሊዮን ዩሮ ደርሶ ሜሲን ማስፈረም አቅቶት ሸኘው። ባለቤቱ ደጋፊው ስለሆነ ብቻ ክለብ ከዕዳ አይድንም።

ወደ እኛው ሀገር ለመምጣት ጊዜ አልፈጀም። እዚህ የአብዛኞቹ ክለቦች በጀት የሚመጣው ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዋንጫውን የወሰደው ንግድ ባንክ ነው፣ በ2017 መድን ነው። የከተማ ክለብ ተጫዋች ደመወዙ ለወራት ሲዘገይ፣ ልምምድ ሲያቆም ስንሰማ ኖረናል። ደጋፊው ማንን ይጠይቅ? ጋሼ «እኛ ሀገር ክለብ የሚገዛ ሀብታም ቢመጣ ሁላችንም እልል እንላለን» አሉ። «ለዚህ ነው የግሌዘሮቹ ነገር ለብዙ ሰው የማይገባው። ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ይመስለናል።» ከእሳቸው ንግግር ሁሉ ይሄ ነው ውስጤ የቀረው።

ጨለመ። ሹፌሩ ጥሪ መጣለትና ተነሳ። ሲሄድ እንኳ «ማንም ይሁን!» ብሎ ነው የሄደው።

እኔ በዚያ ምሽት ብዙ አልተናገርኩም። አሁን የማምነውን ልናገር።

ሹፌሩ ንዴቱ ትክክል ነው፣ «ማንም ይሁን» ያለው ግን ስህተት ነው። በ2005ም ግሌዘር «ማንም» ነበር። የዶሃው ልጅ ልክ ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣው በባለቤቱ ፍላጎት ብቻ ከሆነ እኛም ነገ ማላጋ ነን። ጋሼ ታሪኩን አስተካክለው ነው የተናገሩት፣ ለራትክሊፍ ግን ከሚገባው በላይ ትዕግሥት ሰጡት። ወጪ መቀነስ ክፋት የለውም። የሚቀነሰው ግን ዕዳውን ካላመጣው ሰው ጉሮሮ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ በ2005 ምንም አልፈረመችም። ትኬት ቆራጩ ተጫዋች በውድ አልገዛም። ዕዳው እንዳለ ተቀምጦ ሰው ማባረር ክለብ ማዳን ነው ብዬ አልቀበልም።

ፍርዴ ወደ ባንኳ ልጅ ያደላል። ገዢ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት መጀመሪያ፣ ገንዘቡ የራሱ ነው ወይስ በክለቡ ስም የተበደረው የሚለው ነው። ቀጥሎ፣ ያለው 650 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ በግዢው ቀን ይከፈላል ወይ? የገባው ቃል በጽሑፍ ነው ወይ፣ ሳይፈጽም ቢቀር ማን ይከሰዋል? በእንግሊዝ በሐምሌ 2025 የወጣው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ ገለልተኛ ተቆጣጣሪ አቋቁሟል። ባለቤት የሚሆነውን ሰውና የገንዘቡን ምንጭ የመመርመር ሥልጣን አለው። በ2005 እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር የግሌዘር ግዢ በዚያ መልኩ ያልፍ ነበር ብዬ አላስብም። ደጋፊው መጮኽ ካለበት ተቆጣጣሪው ጥርስ እንዲኖረው ነው መጮኽ ያለበት።

አዲስ አበባ ተቀምጠህ ምን አገባህ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ያገባኛል። ከክለቡ ገቢ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከስፖንሰርና ከንግድ ነው። ስፖንሰር የሚከፍለው ኦልድ ትራፎርድ ለሚገቡት 74 ሺህ ሰዎች ብቻ ብሎ አይደለም። በየሀገሩ ስክሪን ፊት የሚቀመጠውን ሰው ቆጥሮ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ሹፌሩ ነው፣ ጋሼ ናቸው። የወለዱም ገንዘብ በከፊል ከእኛ ዓይን የተሰበሰበ ነው።

አሁን ደግሞ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ክለቡ 100,000 ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም እሠራለሁ ብሎ በመጋቢት 2025 አስታውቋል። ወጪው 2 ቢሊዮን ፓውንድ ይሆናል ተብሏል። ሥዕሉ ታየ፣ ትልቁ ድንኳን የሚመስለው ጣሪያ ታየ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን በዚያ ቀን አልተነገረም። ግሌዘሮች ቢቆዩም፣ ራትክሊፍ ቢጠቀልለውም፣ ከባሕረ ሰላጤው አዲስ ሰው ቢመጣም፣ ይሄ ብድር በክለቡ ስም ከተጻፈ ለሚቀጥሉት 20 ዓመታት ከትኬቱም ከማሊያውም ላይ ወለድ እየተለቀመ ይኖራል። ስለዚህ የገዢ ስም በተነሳ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱን ቢሊዮን በማን ስም ነው የምትበደሩት?